የብሩሽ ቁጥርና የመተማ ሙቀት

የመተማ ስም ሲነሳ ሰሊጡ ይቀድማል፤ ድንበሩና ጉምሩኩ ይከተላሉ። ታሪክ የሚወድ ሰው ደግሞ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው ያለፉበትን ጦርነት ያነሳል። ከሥዕል ጋር ያላትን ዝምድና የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። በዚያ ቆላ ከሚበቅሉት ግራሮች የሚለቀመው ሙጫ የውሃ ቀለም ዋና ማጣበቂያ ነው። የተፈጨውን ቀለም ወረቀቱና ብራናው ላይ ይዞ የሚያስቀረው እሱ ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችንም ጥላሸቱን ጥቁር ቀለም አድርገው ሲበጠብጡ ሙጫ ይጨምሩበታል። አዲስ ብሩሽ ሲገዛ ጫፉ ደርቆ እንደ እሾህ የሚወጋውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ሙጫ ተነክሮ ስለሚሸጥ ነው፤ ለብ ባለ ውሃ ሲታጠብ ይለቃል።

እዚህ የምናወራው ስለ ትንንሽ ሥዕል ብሩሽ ነው። በድርሳንና በተአምረ ማርያም ገጾች መካከል የሚገኙት የመላእክትና የቅዱሳን ሥዕሎች፣ ጎንደር ውስጥ በፍየል ቆዳ ላይ ተሥለው ለእንግዳ የሚሸጡት መዳፍ የማይሞሉ ሥዕሎች፣ ልጆች በደብተር ወረቀት የሚሞክሯቸው የጦርነት ትዕይንቶች ሁሉ ከዚህ ይመደባሉ። ለእነዚህ የሚሆን ብሩሽ ሊገዛ የሚወጣ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ከሁሉም ቀጭኑን ስጡኝ» ብሎ ነው። ሥዕሉ ትንሽ ስለሆነ ብሩሹም ትንሽ መሆን አለበት ብሎ ያስባል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው፤ በቆላ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንረዳው። እጀታው ላይ የተጻፈው ቁጥር ሲያድግ ብሩሹ ይወፍራል። ከ1 በታች 0 አለ፤ ከዚያም 00፣ 000 እያለ እየቀጠነ ይሄዳል። ዜሮው ሲበዛ 5/0 ወይም 10/0 ተብሎ ይጻፋል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ሚሊሜትር አይደለም፤ ፋብሪካዎችን ሁሉ የሚያስማማ መለኪያም የለውም። የአንዱ 2 ቁጥር ከሌላው 1 ቁጥር ሊቀጥን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ብሩሾችን በቁጥራቸው ብቻ ማወዳደር አያዋጣም፤ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይሻላል።

የክብ ብሩሽ ጸጉር ሁለት ሥራ ይሠራል። ጫፉ መስመሩን ይሰጣል፣ ሆዱ ቀለሙን ይይዛል። የመስመሩን ቅጥነት የሚወስነው ጫፉ ነው፤ ሆዱ የሚወስነው በአንድ ንክር ምን ያህል እንደምንሠራ ነው። ጫፉ የተሟላለት 2 ቁጥር ብሩሽ እንደ 000 የቀጠነ መስመር ያወጣል። ሆዱ ግን እጅግ የበለጠ ይይዛል፤ ርዝመቱም ውፍረቱም እጥፍ የሆነ ብሩሽ የሚሸከመው ቀለም ስምንት እጥፍ ገደማ ነውና።

የመተማ ሙቀት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ መተማ ዮሐንስ ግን 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚደርስባቸው ቀናት አሉ፤ አየሩም ደረቅ ነው። በ000 ጫፍ ላይ ያለችው የቀለም ነጥብ ከገበታው ተነስታ ብራናው ላይ እስክታርፍ ጫፉ ላይ ትደርቃለች። ሠዓሊው መስመሩ ሲቆራረጥበት «እጄ ነው» ይላል፤ ከዚያ ይጫናል፤ ሲጫን ጸጉሩ ይበተናል። ትልቁ ብሩሽ ግን ሆዱ ውስጥ ያለው እርጥበት ጫፉን እየመገበ ያቆየዋል። ደጋ ላይ በ0 የሚሠራ ሰው ቆላ ሲወርድ ወደ 1 ወይም 2 ከፍ ማለት አለበት የምለው ለዚህ ነው። ቀለሙ ላይ ጥቂት ማር ጠብ ማድረግም ይረዳል፤ ማር እርጥበት ስለሚይዝ የውሃ ቀለም ሠሪዎች ከጥንት ጀምረው ይጨምሩታል። ለማር ደግሞ የቆላው ሰው ሩቅ አይሄድም። ሲበዛ ግን ሥዕሉ ሳይደርቅ እየተጣበቀ ያስቸግራል፤ ጉንዳንም ይጠራል።

በምሳሌ እንየው። የመተማን ጦርነት በመዳፍ ስፋት ብራና ላይ እንሣል። ሰማዩና መሬቱ ሰፊ ናቸው፤ 4 ወይም 5 ቁጥር በጥቂት ምልልስ ይሸፍናቸዋል። የደርቡሾቹ ልብስ፣ ጅባ የሚሉት፣ በነጭ ላይ ባለቀለም ቁራጭ ጨርቅ የተጣፈበት ነው፤ እነዚያን ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ለመሙላት 2 ቁጥር ይመቻል። የንጉሠ ነገሥቱ ሹሩባ፣ የጋሻው ጌጥ፣ የፈረሱ ልጓም የ1 ቁጥር ሥራ ነው። ዓይን ይቀራል። በነባሩ የሥዕል ልማድ የወገን ፊት ከነሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ጠላት ግን በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። የዓይኑ ጥቁር ክብ ከተዛባ ሥዕሉ በሙሉ ይበላሻል። 0 ቁጥር የሚያስፈልገው ካለ እዚህ ነው፤ እሱም ጫፉ ከተበላሸ ከ2 አይሻልም። ከ00 በታች ያሉትን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለዚህ ሥራ ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም።

ጸጉሩስ? በዓለም ላይ የተከበረው የኮሊንስኪ ጸጉር ነው፤ ኮሊንስኪ በሳይቤሪያና በምሥራቅ እስያ የሚኖር ቀጭን አውሬ ሲሆን ጸጉሩ የሚወሰደው ከጭራው ነው። የለንደኑ ዊንዘር ኤንድ ኒውተን በ1866 እ.ኤ.አ. ንግሥት ቪክቶሪያ በምትወደው መጠን፣ በ7 ቁጥር፣ ምርጥ የውሃ ቀለም ብሩሽ እንዲሠራላት አዝዛው ሴሪስ 7 የሚባለውን አወጣ፤ ዛሬም ይሸጣል። የሕንድ የትንንሽ ሥዕል ባለሙያዎች ደግሞ ዛፍ ላይ ከሚኖረው ባለጭራ ሽኮኮ ጸጉር ሲሠሩ ኖረዋል። ኮሊንስኪ ቀለሙን በልኩ ይለቃል፣ ታጥፎም ይመለሳል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። በአክሪሊክ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ገንዘብ ማባከን ነው፤ አክሪሊክ አንዴ ከደረቀ በውሃ አይለቅምና የተፈጥሮ ጸጉርን ያበላሻል። ለአክሪሊክ ሰው ሠራሽ ጸጉር ይበቃል። እሱም ጉድለት አለው፤ ሲቆይ ጫፉ ወደ አንድ ጎን ይቆለመማል።

ሱቅ ውስጥ ብሩሽ ለመፈተን ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። ባለሱቁን ውሃ ይጠይቁ። ሙጫው እስኪለቅ ያርጥቡት፣ አንዴ በኃይል ያራግፉት፣ ጫፉን ብርሃን ላይ ይዩት። ወደ አንድ ነጥብ ከተሰበሰበ ጥሩ ነው፤ ለሁለት ከተከፈለ ወይም አንድ ጸጉር ከሌሎቹ ወጣ ብሎ ከቆመ ይመልሱት። ቀጥሎ ጣትዎ ላይ ቀስ አድርገው ያጥፉት፤ ተመልሶ መቆም አለበት። ጸጉሩን የያዘው ቆርቆሮ እጀታው ላይ የሚወዛወዝ ከሆነም አይግዙ። ውሃ የማያስነካ ነጋዴ ካጋጠመዎት፣ እንግዲህ፣ ሌላ ሱቅ አለ። አሥራ ሁለት ብሩሽ በአንድ ፕላስቲክ ታሽጎ በርካሽ ሲሸጥ ያጓጓል፤ ከውስጡ ጫፍ ያለው ሁለት ከተገኘ እድል ነው።

አያያዙ ከምርጫው አያንስም። ቀለም ከጸጉሩ ግማሽ በላይ አይውጣ፤ ቆርቆሮው ውስጥ ገብቶ ከደረቀ ጸጉሩን ከሥር ገልጦ ጫፉን ይበትነዋል። ብሩሽ ውሃ ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ አይደር። ከሥራ በኋላ በሳሙና ታጥቦ ጫፉ በጣት ሾል ተደርጎ ጋደም ብሎ ይድረቅ። በክረምት ቆላው ሲረጥብ፣ እርጥቡን ብሩሽ ክዳን ውስጥ መዝጋት ሻጋታ ያመጣል። የተፈጥሮ ጸጉር ደግሞ ብል ይበላዋል፤ ከደረቀ በኋላ በሚገጠም ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ።

ገንዘብዎ አንድ ብሩሽ ብቻ የሚገዛ ከሆነ ጫፉ የተሟላ ክብ 2 ቁጥር ይግዙ። ሁለት የሚገዛ ከሆነ 4 ቁጥር ይጨምሩ። 0 ቁጥሩ እጅዎ ሥራውን እስኪለምድ ሱቁ ውስጥ ይቆይ።