የሄደ ባሕር ይመለሳል

ልጆቻችን ውጭ አገር ያሉብን ወላጆች «እማዬ፣ ነይና ልጁን ያዢልኝ» የሚል ስልክ አንድ ቀን ይደወልልናል። እኔም ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ተደወለልኝ። ልጄ የምትኖረው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዌስተን-ሱፐር-ሜር በምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ከኖሩባት ከባዝ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

እ.ኤ.አ. በ1841 ባቡር ከገባላት በኋላ ነው የመዝናኛ ከተማነቷ በፍጥነት ያደገው። ዛሬም አሸዋው ላይ ሕፃናት ከፍለው አህያ ይጋልባሉ። «ለአህያ ደግሞ ገንዘብ?» ብዬ ስቄአለሁ። በ1904 የተከፈተው፣ ወደ ባሕሩ እንደ ድልድይ የተዘረጋው ትልቁ ፒርም አለ። አዳራሹ በ2008 ተቃጥሎ በ2010 እንደገና ተከፍቷል።

ልጄ ሥራ ስትሄድ የስድስት ዓመት ልጇን ይዤ ባሕር ዳር እወርዳለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ስንደርስ ባሕሩ የለም! ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሸሽቶ፣ በቦታው ቡናማ መሬት ተንጣሏል። ጉልበቴን ያመኝ ስለነበር ጨው ውኃ ላስነካው አሰብኩ።

«አያቴ፣ አትሂጂ። ጭቃው እግር ይይዛል፤ መምህራችን ነግራናለች» አለኝ።

«የኔ ጌታ፣ እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት ሰው ያከምኩ ነኝ» ብዬ ሄድኩ። ማስጠንቀቂያ የተጻፈበትን ሰሌዳም አይቼ አልፌዋለሁ።

መጀመሪያ መሬቱ ጠንካራ ነበር። ቀጥሎ ቀኝ እግሬ እስከ ባቴ ገባ። እሱን ልስብ ስል ግራው የባሰ ሰመጠ። በታገልኩ ቁጥር ጭቃው ያጠብቅብኛል። ልጁ ከአሸዋው ሳይነቃነቅ ጮኸ። ውሻ የሚያናፍሱ አንድ ሽማግሌ ሰምተው ደረሱ። እሳቸውም ጭቃው ውስጥ አልገቡም፤ ስልካቸውን አውጥተው እርዳታ እየጠሩ፣ ወደ ኋላ እንድቀመጥና እግሬን ቀስ እያልኩ እንድነቀንቅ በእጃቸው አሳዩኝ። አንድ ጫማዬን ለጭቃው ትቼ፣ እየዳህኩ ወጣሁ።

ጭቃው ሳይሆን ሌላ ሐሳብ ነው ያንቀጠቀጠኝ። ልጁ ታዝዞኝ ቢከተለኝስ ኖሮ?

ማታ ልደብቅ አስቤ ነበር፤ ልጁ ግን ለእናቱ ነገራት። አልተቆጣችኝም። «እማዬ፣ አንቺ ሁሉን ታውቂያለሽ ብዬ እኮ ነው ያልነገርኩሽ» ብላ አለቀሰች። ለካ ሁለታችንንም ያሳሳተን ያው እምነት ነው።

በኋላ ጠይቄ ተረዳሁ። የብሪስቶል ሰርጥ ወደ ውስጥ እንደ ማንቆርቆሪያ አንገት እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ውኃው ሲሞላና ሲጎድል ያለው ልዩነት ከ12 ሜትር በላይ የሚሆንበት ቀን አለ። ይህ በቀን ሁለት ጊዜ ገደማ ይደጋገማል፤ ሲመለስም ይፈጥናል።

ስለዚህ ወደ እንዲህ ያለ ቦታ የምትሄዱ አያቶች፣ ውኃው የሚሞላበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሸሸ ባሕርን ተከትላችሁ አትሂዱ። ጭቃ ከያዛችሁ አትታገሉ፤ ወደ ኋላ ተደግፋችሁ ክብደታችሁን በትኑ። የተያዘ ሰው ካያችሁም ልታወጡት አትግቡ፤ 999 ደውላችሁ «ኮስትጋርድ» በሉ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከልጁ ጋር ተመልሰን አየነው። ጫማዬ የቀረበት ቦታ ውኃ ሞልቶበት ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቦታ ስንሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው፦ «የኔ ጌታ፣ እዚህስ የማይነካው ምንድን ነው?» ደረቱን ነፍቶ ያስረዳኛል፤ እኔም አዳምጠዋለሁ።