ሲዲው ወይስ ፋይሉ? ከካርቱም ሪያድ የተነሣ ጥያቄ

ሪያድ ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በስተምሥራቅ ያለ ሰፈር ነው። ከጦርነቱ በፊት ደህና ኑሮ ያላቸው ሱዳናውያንና የውጭ ዜጎች ይኖሩበት ነበር። ብዙ ኢትዮጵያውያንም በቤት ሠራተኝነት፣ በምግብ ቤትና በቡና ሥራ እንጀራቸውን የበሉት በዚህና በአጎራባች ሰፈሮች ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርና የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ውጊያ ሲገጥሙ የካርቱም ሰው ሁሉ ምን ይዞ እንደሚወጣ ለመወሰን የተሰጠው ጊዜ አጭር ነበር። በገዳሪፍ አድርጎ ወደ ገላባትና መተማ የተሰደደው አብዛኛው ሰው የያዘው ሰነዱን፣ ጥቂት ልብስና ስልኩን ነው። ስልክ ውስጥ ያለ ዘፈን ከባለቤቱ ጋር ድንበር ተሻገረ፤ በሲዲ መደርደሪያ ላይ የነበረው እዚያው ቀረ።

ይህን የማነሣው «ለቤቴ ሙዚቃ ሲዲ ማጫወቻ ይሻለኛል ወይስ ሁሉንም ወደ ፋይል ልገልብጥ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ስለ ድምፅ ጥራት ብቻ ሆኖ ስለሚቀርብ ነው። የድምፅ ጥራቱ መልስ አጭር ነው፤ ከዚህ በታች እደርስበታለሁ። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የሙዚቃው ዕድሜ ነው፤ ልጆቻችን ሊሰሙት ይችላሉ ወይ የሚለው።

ሲዲ በፊሊፕስና በሶኒ ትብብር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1982 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበ ነገር ነው። ስፋቱ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ሲሆን፣ በላዩ ስስ የአሉሚኒየም ሽፋን፣ ከሽፋኑ ላይ ደግሞ ጽሑፍ የሚታተምበት ቀጭን ቀለም አለ። ሙዚቃው በዓይን በማይታዩ ጉድጓዶች ተጽፎ ከመሃል ተነሥቶ ወደ ዳር እየዞረ ይሄዳል። ማጫወቻው ሌዘር ያበራበትና የሚመለሰውን ብርሃን ወደ ቁጥር ይለውጣል። ድምፁ በእያንዳንዱ ሰከንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ፣ እያንዳንዱ ልክ በ16 ቢት የተመዘገበ ነው፤ ይህም ለግራና ለቀኝ ለየብቻ። አንድ ደቂቃ ሙዚቃ ወደ 10 ሜጋ ባይት የሚጠጋ ቦታ የሚፈጀው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሲዲ ራሱ ዲጂታል ነው። ሲዲ ላይ ያለው ቁጥርና ኮምፒውተር ላይ ያለው ቁጥር አንድ ከሆኑ፣ በአንድ ዓይነት መሣሪያ ሲሰሙ ድምፁም አንድ ነው። ልዩነት የሚመጣው ቁጥሩን ወደ ድምፅ ከሚለውጠው ቺፕ፣ ከማጉያውና ከስፒከሩ ነው፤ ከሁሉም በላይ ከስፒከሩ። «ሲዲ ሞቅ ይላል፣ ፋይል ደረቅ ነው» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እያወዳደሩ ያሉት ሲዲንና ኤምፒስሪን ነው። እዚያ ላይ እውነት አላቸው።

ኤምፒስሪ ጀርመን አገር በፍራውንሆፈር ተቋም ተመራማሪዎች የተሠራ ዘዴ ነው፤ የሰው ጆሮ አይሰማውም ተብሎ የተገመተውን ድምፅ ቆርጦ ይጥላል። በ128 ኪሎ ቢት የተቀዳ ዘፈን ከሲዲው ከ10 አንድ እንኳ የማይሞላ ቦታ ይይዛል። ቦታ ውድ በነበረበት ዘመን ይህ ታላቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ዘዴው ከሚቸገርባቸው ድምፆች ዋነኞቹ ድንገት ተነሥተው ድንገት የሚቆሙት ናቸው፤ የእጅ ጭብጨባ፣ የክራር ክር ሲመታ የምትሰማው የመጀመሪያዋ ጠብታ፣ የጽናጽል ድምፅ። በደንብ ባልተቀዳ ኤምፒስሪ ላይ ጭብጨባው ጥርት ብሎ ጧ ከማለት ይልቅ ቀድሞ የሚሰማ ስስ ሹክሹክታ ይዞ ይመጣል። የእኛ ሙዚቃ ደግሞ ጭብጨባና ክር ይበዛዋል። ፒያኖና ቫዮሊን ብቻ ለሚሰማ ሰው የማይታወቀው ጉድለት እስክስታ ዘፈን ላይ ጎልቶ ይሰማል።

ሌላ መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በነፃ የሚገኘው ፍላክ የተባለው የፋይል ዓይነት አንዲት ቁጥር ሳይጥል የሲዲውን መጠን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ሲከፈት የሚወጣው ከሲዲው ጋር ፍጹም አንድ የሆነ ነው። አንድ ሙሉ አልበም 300 ወይም 400 ሜጋ ባይት ይሆናል፤ 64 ጊጋ ባይት ሚሞሪ ከ150 አልበም በላይ ይችላል ማለት ነው። ዛሬ ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ሙዚቃ ኤምፒስሪ የምንመርጥበት ምክንያት አይታየኝም። ለመኪና፣ ለትንሽ ስልክ ይሁን፤ ለማኅደር ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። በአዲስ አበባም ሆነ በካርቱም ሰው «ሲዲ አለኝ» ሲል ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። አንደኛው ፋብሪካ የታተመ ኦሪጅናል ነው። ሁለተኛው ሙዚቃ ቤት ውስጥ በኮምፒውተር የተቃጠለ ኮፒ ነው። ሲዲውን ገልብጠው ወደ ብርሃን ቢይዙት ይለያል፤ የታተመው ጀርባው ጥርት ያለ ብር ነው፣ የተቃጠለው ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ያ ቀለም ጌጥ አይደለም። የተቃጠለ ሲዲ ላይ ጉድጓድ የለም፤ ሙዚቃው የተጻፈው ሌዘር ባቃጠለው የኬሚካል ቀለም ላይ ነው፤ ቀለም ደግሞ ሙቀትና ፀሐይ ያጠፋዋል።

ካርቱም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ መስኮት ሥር ወይም መኪና ውስጥ የተተወ ኮፒ ሲዲ መንተባተብ ይጀምራል፣ ከዚያ መሃሉ ላይ ይቆማል፣ ቀጥሎ ማጫወቻው «ዲስክ የለም» ይላል። ብዙ ሰው ማጫወቻው የተበላሸ ይመስለዋል። አንዳንዴም እውነት ማጫወቻው ነው። ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣ ደቃቁ አፈር በተዘጋ መስኮትም ይገባል፤ የሌዘሯ ሌንስ ደግሞ ከምስር ፍሬ ብዙ የማትበልጥ፣ በአቧራ ስስ ሽፋን ብቻ የምትታወር ነገር ናት። ክዳኑን ከፍቶ በአየር ማናፋት፣ ካልሆነ ጥጥ በአልኮል ነክሮ በቀስታ መጥረግ ብዙ ማጫወቻ ያድናል። ሲዲውን ራሱን ሲጠርጉ ግን በክብ አይጥረጉ፤ ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ ይጥረጉ። ሙዚቃው የተጻፈው ዙሪያውን ስለሆነ በክብ የሚሄድ ጭረት ረጅም ሙዚቃ ያጠፋል፤ አቋርጦ የሚያልፍ ጭረት ግን ከእያንዳንዱ ዙር የሚነካው ትንሽ ነው።

እዚህ ላይ የሲዲ ፈጣሪዎችን ማመስገን ይገባል። ሪድ ሰለሞን በሚባል የሒሳብ ዘዴ ሙዚቃው ከመጻፉ በፊት ተበታትኖ፣ ማረሚያ ቁጥር ተጨምሮበት ነው የሚቀመጠው። እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ጉዳት ማጫወቻው በሒሳብ ሞልቶ ምንም እንዳልሆነ ያሰማል። የማይድነው ከጽሑፉ በኩል የመጣው ጭረት ነው። ሙዚቃውን የያዘው አሉሚኒየም ከጽሑፉ ሥር ወዲያው ስላለ፣ በዚያ በኩል በሹል ነገር የተፋቀ ሲዲ ቁጥሩ ራሱ ተልጦ ይወጣል። ሰው የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ጎን ነው፤ ይበልጥ ስስ የሆነው ግን ሌላው ጎን ነው።

የተቃጠሉ ኮፒዎች ሌላም ችግር አለባቸው። ሙዚቃ ቤቱ አልበሙን መጀመሪያ በኤምፒስሪ ይዞት፣ ከዚያ ወደ ሲዲ አቃጥሎት ሊሆን ይችላል። ያ ሲዲ በየትኛውም ውድ ማጫወቻ ቢጫወት የተጣለው ድምፅ አይመለስም። ወደ ፍላክ መገልበጡም አያድነውም። በኮምፒውተር የድምፁን ምስል የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ከፍተው ቢያዩት፣ ከ16 ኪሎ ኸርዝ ገደማ በላይ ድምፁ በመቀስ እንደተቆረጠ ሆኖ ከታየ ምንጩ ኤምፒስሪ እንደነበር በብርቱ መጠርጠር ነው። የድሮ ዘፈን ሲዲዎችም ሁሉም እኩል አይደሉም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኤትዮፒክስ» ተከታታይ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹንና የ70ዎቹን ሥራ በጥንቃቄ ፈልጎ ለሲዲ ያበቃ ነው። ሌሎች ግን ከተለበሰ ካሴት ቀጥታ ወደ ሲዲ የተገለበጡ ናቸው፤ የካሴቱ ሽሽታ ሁሉ አብሮ አለ። መጠየቅ ያለበት እንግዲህ ከምን ተቀዳ የሚለው ነው።

አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ሙዚቃ ሲጠፋ ኪሳራው ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ለማየት ከሪያድ ነጭ ዓባይን ተሻግሮ ኦምዱርማን መሄድ ይበቃል። ሬዲዮ ኦምዱርማን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው፤ የሱዳን ዘፈን ትልቁ ማኅደርም እዚያ ነበር። ሕንፃው ከውጊያው መጀመሪያ ጀምሮ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ቆይቶ፣ ጦሩ ያስለቀቀው መጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ወራት ለሙዚቃ የሚጨነቅ ሱዳናዊ ሁሉ ያሳሰበው በማኅደሩ የነበረው የቴፕ ክምችት ዕጣ ነበር። ለእኛም ባዕድ ጉዳይ አይደለም። ሁለቱ አገሮች አምስት ድምፅ ባላቸው ቅኝቶች የተቀራረቡ ናቸው፤ የሱዳን ድምፃውያኑን ሰይድ ኸሊፋንና መሐመድ ወርዲን አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቅ የቀድሞ ሰው ጥቂት ነው። ወርዲ እ.ኤ.አ. በ1994 አዲስ አበባ ላይ ያቀረበው ኮንሰርት በሲዲ ወጥቷል። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ አንድ ሕንፃ ውስጥ ብቻ መቀመጥ የለበትም። በሺህ ቤት ተባዝቶ ያለ ሙዚቃ አንድ ሺህ መጠባበቂያ አለው።

ታዲያ እንዴት ይገልበጥ? ዛሬ የሚሸጡ አብዛኞቹ ላፕቶፖች ሲዲ ማንበቢያ የላቸውም፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ውጫዊ ማንበቢያ ያስፈልጋል። በተራ ኮፒ ዘዴ አይቅዱ፤ እንደ ኢግዛክት ኦዲዮ ኮፒ ያለ ፕሮግራም አንድን ቦታ ደጋግሞ አንብቦ ውጤቶቹ እስኪስማሙ ድረስ የሚታገል ነው። ንጹሕ ሲዲ በደቂቃዎች ያልቃል። የተጫረ ሲዲ ግን አንዷን ዘፈን ሩብ ሰዓት ይዟት ሊቆይ ይችላል፤ ማንበቢያው ሲያጓራ፣ ሲዘገይ፣ እንደገና ሲነሣ ይሰማል። ይታገሱት። በመጨረሻ «ስህተት የለም» ብሎ ከዘጋ፣ ያ ፋይል ከሲዲው ጋር ልክ ነው፤ ከእንግዲህ ስንቴም ቢባዛ አያረጅም። ካሴት በየኮፒው ይደክም ነበር፤ ይሄ አይደክምም።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ የሽፋኑ ወረቀት። ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ የሚነግረን በሲዲው ሽፋን ውስጥ ያለችው ወረቀት ናት። ፋይሉ «ትራክ 01» ብሎ ከተቀመጠ ገጣሚውም አቀናባሪውም ጠፉ። ኢንተርኔት ላይ ያሉት የስም ዝርዝሮችም አያድኑንም፤ አንዱን ድምፃዊ በላቲን ፊደል በአራት ዓይነት አጻጻፍ ይዘውት አራት ሰው ያደርጉታል። ስሙን በራስዎ በግዕዝ ፊደል ይጻፉ፣ ወረቀቷንም ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ አንሥተው ከአልበሙ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡ። ይህ ከድምፁ ያላነሰ ሥራ ነው።

በኢንተርኔት ቀጥታ መስማትስ? ለአዲስ ሥራ ጥሩ ነው፤ እንደ ሰዋስው ያሉ የአገር ውስጥ መተግበሪያዎች ለባለሙያው ክፍያ የሚደርስበትን መንገድ ከፍተዋል፣ ሊደገፉ ይገባል። ነገር ግን ሱዳን ውስጥ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ግንኙነት በአገር ደረጃ ተቋርጦ ነበር፤ በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ሙዚቃ የቤት ሙዚቃ ሊባል አይችልም።

ፍላሽና ሚሞሪም ዘላለማዊ አይደሉም። ገበያ ላይ 256 ጊጋ የሚል ጽሑፍ ለጥፈው 16 እንኳ የማይዙ አሉ፤ እውነተኛዎቹም አንድ ቀን ሳያስጠነቅቁ ይሞታሉ። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው ምንም እንደሌለው ይቁጠር። አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት ይሁን።

ፍርዴን ልናገር። ገና ለሚጀምር ቤት አዲስ ሲዲ ማጫወቻ መግዛት አያስፈልግም፤ ገንዘቡን ደህና ስፒከር ላይ ያውሉት፣ ፍላክ የሚያነብ ትንሽ ማጫወቻ ወይም ስልክ ከማጉያው ጋር በገመድ ያገናኙት። ኦሪጅናል ሲዲዎች ያሉት ሰው ግን ማጫወቻውን አይጣል። አሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻም ቢሆን በቀይና ነጭ ገመዱ ከማጉያ ጋር ተገናኝቶ ሲዲን ደህና አድርጎ ይጫወታል። ሲዲዎቹንም ከገለበጡ በኋላ አይሽጧቸው፣ አይስጧቸው፤ ፋይሉ አንድ ቀን ቢጠፋ መመለሻ ምንጭ እነሱ ናቸው።

ከካርቱም ሰፈሮች፣ ከሪያድ፣ ከዴም፣ ከጅሬፍ ወጥታችሁ ዛሬ ጎንደር፣ አዲስ አበባ፣ ካይሮ ወይም ካምፓላ ያላችሁ፣ ሻንጣ ጥግ የቀረች ሲዲ ካለቻችሁ ጀርባዋን ወደ ብርሃን ያዙና እዩት። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከሆነች በዚህ ሳምንት ገልብጧት። ብር ከሆነች እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጊዜ አላችሁ።