ፓርቲው የማን ነው? የደቡብ ኮሪያ ፓርቲዎች ጉዞ

የደቡብ ኮሪያን ፖለቲካ መከታተል የጀመረን ሰው መጀመሪያ የሚያደናግረው የፓርቲዎቹ ስም ነው። ዛሬ «የሕዝብ ኃይል» የሚባለው ወግ አጥባቂ ፓርቲ የቀድሞው «ሃናራ» ነው፤ በመሀል ደግሞ ሦስት ሌሎች ስሞች ነበሩት። በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስሙን ሲቀይር መለያው የነበረውን ሰማያዊ ቀለም ትቶ ቀይ ለበሰ። በዓመቱ ተቀናቃኙ ዴሞክራቲክ ፓርቲ የተጣለውን ሰማያዊ አንስቶ የራሱ አደረገው። ስሙና ቀለሙ ግን ላይ ላዩን ነው። እኔን ይበልጥ የሚያነጋግረኝ ፓርቲው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ለረጅም ጊዜ መልሱ «የመሪው» የሚል ነበር። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ በ1951 ሊበራል ፓርቲን ያቋቋሙት ሥልጣናቸውን ለማጽናት ነው። በኖቬምበር 1954 የሥልጣን ዘመን ገደቡን ከእሳቸው ላይ የሚያነሳ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለምክር ቤቱ ቀረበ። አባላቱ 203 ስለነበሩ ሁለት ሦስተኛው 135.33 ይመጣል፤ የተገኘው ድምፅ 135 ነበር። ማሻሻያው ወደቀ ተባለ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ገዢው ፓርቲ ነጥቡ ከግማሽ በታች ስለሆነ ይጣላል፣ 135 ይበቃል ብሎ አጸደቀው። በዚህ የተቆጡ ተቃዋሚዎች ተሰባስበው በ1955 ዴሞክራቲክ ፓርቲን መሠረቱ። የዛሬው ዴሞክራቲክ ፓርቲ የዘር ሐረጉን የሚቆጥረው ከዚያ ነው።

ግራ ዘመሞቹ የደረሰባቸው የከፋ ነው። በ1956 ምርጫ ከሪ ጋር ተወዳድረው 30 ከመቶ ገደማ ያገኙት ቾ ቦንግ-አም በሰላይነት ተከሰው በ1959 ተሰቀሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነፃ ናቸው ያለው በ2011 ነው። አንድ የሠራተኞች ፓርቲ በ2004 አሥር መቀመጫ እስኪያገኝ ድረስ ግራው ክንፍ በምክር ቤት ይህ ነው የሚባል ቦታ ሳይኖረው ቆየ። በ2014 ደግሞ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት አንድ ተራማጅ ፓርቲን አፈረሰ። ስለዚህ የቀሩት ሁለቱ ትልልቅ ጎራዎች በኢኮኖሚ ከሚለያዩት ይልቅ በሰሜን ኮሪያ ጉዳይና በአምባገነኑ ዘመን ትዝታ የሚለያዩት ይበልጣል።

ጄኔራል ፓርክ ቹንግ-ሂ በ1961 ሥልጣን ሲይዙ ፓርቲያቸውን በምስጢር ያደራጀው የስለላ ድርጅቱ ነበር። ኋላ ሥልጣን የያዙት ጄኔራል ቹን ዱ-ህዋንም የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ። በ1987 ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ የመምረጥ መብቱን አስመለሰ። ድሉን የቀሙት ግን ራሳቸው ተቃዋሚዎቹ ናቸው። ኪም ዮንግ-ሳም እና ኪም ዴ-ጁንግ መስማማት አቅቷቸው ሁለቱም ተወዳደሩ። አንዱ 28፣ ሌላው 27 ከመቶ ሲያገኙ የቹን የትግል ጓድ ሮ ቴ-ዉ በ36.6 ከመቶ አሸነፉ።

ከዚህ በኋላ ፓርቲ ማለት አንድ መሪና አንድ ክፍለ አገር ሆነ። ጆላ የኪም ዴ-ጁንግ፣ ቡሳንና አካባቢው የኪም ዮንግ-ሳም፣ ቹንግቾንግ የፓርክ ሰው የነበሩት የኪም ጆንግ-ፒል፣ ዴጉ የሮ። በ1990 ከዴ-ጁንግ በቀር ሦስቱ በዝግ በር ተስማምተው ፓርቲዎቻቸውን አዋሃዱና ከምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ በላይ ያዙ። ዕድሜ ልካቸውን ወታደሮቹን የታገሉት ኪም ዮንግ-ሳም በዚያው ፓርቲ በ1992 ለፕሬዚዳንትነት ተመርጠው፣ ኋላ ቹንንም ሮንም እስር ቤት ከተቷቸው። የመረጣቸውን ሕዝብ ስለ ውህደቱ የጠየቀው ማንም አልነበረም።

ውህደቱን እምቢ ካሉት ጥቂት የምክር ቤት አባላት አንዱ ሮ ሙ-ህዩን ነበሩ። በ2002 ፓርቲያቸው ዕጩውን ለመጀመሪያ ጊዜ ተራው ዜጋ በሚሳተፍበት ምርጫ ሲለይ፣ የቡሳን አካባቢው ሰው በጆላዋ ጉዋንግጁ አሸነፉ። ያ ቀን የመሪዎቹን ርስት የነቀነቀ ይመስለኛል።

ብልጠቱ ግን አልጠፋም። ትንንሽ ፓርቲዎችን ይጠቅማል የተባለው አዲሱ የመቀመጫ ድልድል በ2020 ሥራ ላይ ሲውል፣ ሁለቱ ትልልቆች ለጥቅማቸው ተለጣፊ ፓርቲዎች አቋቋሙ። የፓርቲ መምረጫ ወረቀቱ 35 ስሞች ይዞ 48.1 ሴንቲሜትር ረዘመ፤ ማሽን ሊቆጥረው ስላልቻለ በእጅ ተቆጠረ።

በዲሴምበር 2024 ፕሬዚዳንት ዩን ሶክ-ዮል ወታደራዊ ሕግ ሲያውጁ፣ በዚያው ሌሊት በ190 ድምፅ ከሻሩት መካከል 18ቱ የገዛ ፓርቲያቸው የ«ሕዝብ ኃይል» አባላት ነበሩ። ዩን ከሥልጣን ተነስተው ምርጫ ሲደርስ የፓርቲው አመራር በአባላት የተመረጠውን ዕጩ ኪም ሙን-ሱን አውርዶ በቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃን ዶክ-ሱ ሊተካ ሞከረ። ሜይ 10 ቀን 2025 ከሌሊቱ 9 እስከ 10 ሰዓት ብቻ ምዝገባ ከፈተ፤ የተመዘገቡትም ሃን ብቻ ነበሩ። የዚያኑ ዕለት ማታ አባላቱ በስልክ ድምፅ ሰጥተው ለውጡን ውድቅ አደረጉት። ኪም ዕጩነታቸው ተመልሶላቸው ጁን 3 ላይ ተወዳደሩ፤ በዴሞክራቲክ ፓርቲው ዕጩ በሊ ጄ-ምዩንግ 49 ለ41 ከመቶ ተሸነፉ።