ስለ ጡት ነቀርሳና ስለ ሥጋው ምርመራ

በስድስት ኪሎ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን በር ያውቃል። ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ይህ ግቢ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ፤ የሕክምናው ትምህርትና የሕሙማኑ ምርመራ ግን የሚካሄደው ከዚያ ቁልቁል ወርዶ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ዛሬ የምንጽፈው በዚያ ስለ ተደረገ አንድ ምርምር ነው።

በ2011 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተጀመረው የካንሰር መዝገብ እንደሚያስረዳው፥ በሴቶች ዘንድ ከነቀርሳ ዓይነቶች ሁሉ የበዛው የጡት ነቀርሳ ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ጠባዩ አንድ አይደለም። በአንዳንዷ ሴት እብጠት ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን የሚይዙበት፥ የቁልፍ ቀዳዳ የሚመስል ተቀባይ አላቸው፤ እብጠቱም በዚሁ ሆርሞን ያድጋል። ታሞክሲፈን የተባለው ክኒን ቀዳዳውን ቀድሞ ስለሚይዘው ሆርሞኑ ቦታ ያጣል። ተቀባይ በሌለው እብጠት ላይ ግን ይህ መድኃኒት ኃይል የለውም።

ከምዕራብ አፍሪካ የተገኙ አንዳንድ ጥናቶች የአፍሪካ ሴቶች እብጠት አብዛኛው ተቀባይ የሌለው እንደ ሆነ አስመስለው ነበር። የዩኒቨርሲቲው ሐኪሞች ከጀርመን አገር ከሃሌ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር የ352 ሴቶችን እብጠት መርምረው በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ግን፥ ከመቶ 65 ያህሉ ተቀባዩ ያላቸው ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ከቀዶ ሕክምናው ጋር፥ በየቀኑ የሚዋጥና ዋጋው ከሌሎቹ የነቀርሳ መድኃኒቶች እጅግ የረከሰ ክኒን ለብዙ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ይጠቅማል ማለት ነው። ይህን ስናነብ ደስ መሰኘታችንን አንሸሽግም።

ሆኖም ተቀባዩ መኖሩ በእጅ ተዳሶ አይታወቅም። ሐኪሙ ከእብጠቱ ጥቂት ሥጋ መውሰድ አለበት፤ የተወሰደውም ሥጋ ሳይዘገይ በፎርማሊን ካልተነከረ ይበላሽና፥ ተቀባዩ እያለ «የለም» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል።

በየሰፈሩ «እብጠት ብረት ከነካው ይብሳል» ሲባል እንሰማለን። ብዙዎቹ ሕሙማን ወደ ሆስፒታል የሚመጡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ስለ ሆነ፥ ጥፋቱ በመዘግየቱ ሳይሆን በብረቱ ይመካኛል። የጡት ነቀርሳ ደግሞ በመጀመሪያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አያምም፤ የሚያዘናጋውም ይኸው ነው።

ስለዚህ በጡቷ ወይም በብብቷ ሥር ጠጠር ያለ እብጠት የዳሰሰች ሴት ሕመሙን ሳትጠብቅ ትመርመር። ሥጋ እንዲወሰድ ሲነገራት እሺ ትበል፤ ውጤቱም በመጣ ጊዜ «የሆርሞን ተቀባዩ ታይቷል ወይ?» ብላ ሐኪሟን ትጠይቅ።