መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ? ቤተሰብን ለኬሚካል አደጋ ስለማዘጋጀት

«የኬሚካል አደጋ» የሚለው ቃል ሲነሳ ለአብዛኞቻችን ቶሎ የሚታየን ትልቅ ፋብሪካና ጭምብል ያጠለቀ ሠራተኛ ነው። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ጋውን ለብሰን፣ መነጽርና ጓንት አድርገን የምንነካቸውን አንዳንድ ነገሮች ግን እናቶቻችን በባዶ እጃቸው፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በየቀኑ ይጠቀሙባቸዋል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ በክፍል የተማርነውን ኬሚስትሪ ወደ ቤታችን ወስደን ምን ልንሠራበት እንደምንችል ባጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የነገሩ ቁልፍ አንድ ጥያቄ ነው። መርዙ ያለው ቤት ውስጥ ነው ወይስ ውጪ? ከውስጥ ከሆነ ክፈትና ውጣ፤ ከውጪ ከሆነ ግባና ዝጋ። ሁለቱ መልሶች ተቃራኒ ስለሆኑ፣ በድንጋጤ ሰዓት ማምታታት ሕይወት ያስከፍላል። ለዚህ ነው አስቀድሞ ከቤተሰብ ጋር መነጋገር የሚያስፈልገው።

ሀ. ከቤት ውስጥ የሚነሳ አደጋ

በመጀመሪያ በረኪናን እንውሰድ። በረኪና በውሃ የሟሟ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ለመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ከሚሸጡት ፈሳሾች ብዙዎቹ ደግሞ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለባቸው። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝም ክሎራሚን የሚባሉ ጋዞች ይፈጠራሉ፤ በደንብ ውሃ ያልተደፋበት ሽንት ቤት ላይ በረኪና ሲፈስ ዓይን የሚያቃጥለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እኔ በተከራየሁበት ግቢ አንዲት ጎረቤታችን የጋራውን መጸዳጃ ቤት ለማጽዳት ሁለቱን ደርበው ሲያፈሱ ደረስኩና «እትዬ፣ ቶሎ ይውጡ! በሩንም ክፍት ይተዉት!» አልኳቸው። እያሳላቸው ወጡና «ምን ነካህ ልጄ፣ ሽታው እኮ የንጽሕና ነው» አሉኝ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሰው «ሁለቱም ያጸዳሉ፣ ሲደባለቁ ደግሞ የባሰ ያጸዳሉ» ብሎ ያስባል። ለእሳቸው እኩልዮሽ መጻፍ አላስፈለገኝም፤ «በረኪና ከውሃ በስተቀር ጓደኛ የለውም» አልኳቸው፣ እሳቸውም ያዙት።

ሁለተኛው ከሰል ነው። ከሰል በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከሄሞግሎቢን ጋር ያለው ትስስር ደግሞ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ የጠነከረ ነው። በክረምት ብርዱ ሲበረታ ብዙ ሰው ምድጃውን ደጅ አቀጣጥሎ «አሁን ቀልቷል፣ ጭሱ ወጥቶለታል» ይልና ወደ መኝታ ክፍል ያስገባዋል። የሚጨሰው ነገር ሄደ ማለት ግን መርዙ ሄደ ማለት አይደለም፤ የቀላው ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ስለሆነ ሰው ጉንፋን ወይም ምች ነው ብሎ ይተኛል። አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው መጠርጠር ያለበት ከሰሉ ነው። አፍን በጨርቅ መሸፈን ለዚህ ጋዝ ምንም አይጠቅምም። በሩን ከፍቶ፣ ሁሉንም ሰው ይዞ መውጣት ብቻ ነው መፍትሔው።

ሦስተኛው የነቀዝ መድኃኒት ነው። እህል ውስጥ የሚጨመረው ኪኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ሲሆን፣ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ብቻ ሲነካው ፎስፊን ጋዝ ይለቃል። 3 ግራም የሚመዝን አንድ ኪኒን 1 ግራም ያህል ፎስፊን ይሰጣል። ይህ ጋዝ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ኪኒን የተጨመረበት ጆንያ ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ፣ አልጋ ሥርም ሆነ በመጋረጃ በተከፈለ ጥግ፣ መቀመጥ የለበትም። ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የመሰለ ሽታ ከመጣ ወዲያው መውጣት ነው። ሽታው ካልመጣ ግን ደኅና ነን ማለት አይቻልም።

ቡታጋዝም አለ። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ከሸተተ ክብሪት መጫር ይቅርና መብራት ማብራትም ማጥፋትም አይገባም፤ ብልጭታ ይፈጥራልና። ቫልቩን ዘግቶ፣ በርና መስኮት ከፍቶ መውጣት ይሻላል።

ለ. ከውጪ የሚመጣ አደጋ

በኅዳር ወር 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1984) በሕንድ ቦፓል ከተማ ከአንድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ 40 ቶን ያህል ሚቲል አይሶሳያኔት ሌሊት ላይ አመለጠ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎች ከእንቅልፋቸው ነቅተው ወዴት እንደሚሸሹ ሳያውቁ ሮጡ። የሚሮጥ ሰው አብዝቶ ስለሚተነፍስ መርዙንም አብዝቶ ይስባል። ፊትን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን እንደሚረዳ አስቀድሞ የነገራቸው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2005 ደግሞ በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ግራኒትቪል በምትባል ቦታ ባቡሮች ተጋጭተው ክሎሪን ፈሰሰና 9 ሰዎች ሞቱ። ክሎሪን ከአየር 2.5 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ዝቅ ባለ ቦታ ይከማቻል።

እኛም ዘንድ ነዳጅና ኬሚካል የጫኑ መኪኖች ከጅቡቲ በሚመጣው መንገድ በየከተማው መሐል ያልፋሉ። ቆዳ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ሶዲየም ሰልፋይድ አሲድ ከነካው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይሆናል። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም።

የውጭ አገር መመሪያዎች «ወደ ውስጠኛው ክፍል ግቡና ክፍተቶችን በፕላስተር ዝጉ» ይላሉ። ጥሩ፤ ግን የእኛ ሰው ቤት ብዙ ጊዜ አንድ ክፍል ነው፤ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከልም ነፋስ ይገባል። እንግዲህ ባለን ነገር እንዲህ ማድረግ እንችላለን። ከግቢው ቤቶች ክፍተቱ አነስተኛ የሆነውን፣ ከተቻለም መስኮቱ ወደ መንገድ የማይመለከተውን አስቀድሞ መምረጥና ጎረቤት በሙሉ እዚያ እንዲገባ መስማማት፤ በበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ መጠቅጠቅ፤ ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ መወተፍ፤ መስኮቱን በላስቲክ መሸፈን፤ አፍና አፍንጫን በእርጥብ ጨርቅ መያዝ። እንደ ክሎሪንና አሞኒያ ላሉ በውሃ ለሚሟሙ ጋዞች እርጥብ ጨርቅ በመጠኑ ይረዳል።

እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። በተዘጋው ክፍል ውስጥ ከሰል እንዳይቀጣጠል! አለዚያ ከውጪው መርዝ የዳነው ቤተሰብ በውስጠኛው ያልቃል። ደመናው ማለፉ ከተነገረ በኋላም ቶሎ ከፍቶ መውጣትና ቤቱን ማናፈስ ያስፈልጋል፤ ቀስ በቀስ ሾልኮ የገባው ጋዝ ውስጥ ተይዞ ይቆያልና።

ቤቱ ጨርሶ የማይዘጋ ከሆነ ወይም «ውጡ» የሚል ትእዛዝ ከመጣ፣ የዛፍ ቅጠል ወይም ጭስ አይቶ የነፋሱን አቅጣጫ መለየት፣ ከዚያም ከነፋሱ ጋር ሳይሆን ወደ ጎን አቋርጦ፣ ከሸለቆ ይልቅ ወደ ከፍታ መሄድ ነው።

ሐ. ዛሬ ማታ ሊሠራ የሚችል

1. ላምባ፣ በረኪናና ፀረ ተባይ በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ካለ ወደ ዋናው መያዣው ይመለስ። ሕፃን ልጅ ሃይላንድ የሚያውቀው ውሃ መጠጫ መሆኑን ነው።
2. የፀረ ተባይ ጀሪካን ታጥቦም ቢሆን ለውሃና ለዘይት አይዋል።
3. ክዳን ያለው ጀሪካን ውሃ፣ የእጅ ባትሪ፣ በድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ፣ ፕላስተር፣ በመስኮቱ ልክ የተቆረጠ ላስቲክና ፎጣ በአንድ ቦታ ይቀመጡ።
4. የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 በር ላይ ይጻፉ።
5. ኬሚካል ዓይን ውስጥ ከገባ ሳያቋርጡ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፤ ልብስ ላይ ከፈሰሰ በጭንቅላት በኩል ሳይጎትቱ ቀዶ አውልቆ ገላን በብዙ ውሃ መታጠብ።
6. ላምባ ወይም በረኪና የጠጣን ሰው አታስመልሱት። ላምባ ሲመለስ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ በረኪና ደግሞ ጉሮሮን ዳግመኛ ያቃጥላል። «ወተት መርዝ ያረክሳል» ብሎ ሰዓት ማባከንም አይገባም፤ መያዣውን ይዞ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው።

በእኔ እምነት ይህን ለሰፈር ለማድረስ ከእድር የተሻለ መንገድ የለም። እድር ለቀብር ድንኳን እንደሚያዘጋጅ ሁሉ ሰው እንዳይሞትም ማዘጋጀት ይችላል። እኛ ደግሞ የምንናገረውን ምክንያቱን ጭምር የምናውቅ ተማሪዎች ነን። በሚመጣው የእረፍት ጊዜ እያንዳንዳችን በየሰፈራችን እድር ስብሰባ ላይ አሥር ደቂቃ ብንጠይቅና «ከውስጥ ከሆነ ክፈትና ውጣ፣ ከውጪ ከሆነ ግባና ዝጋ» የሚለውን ብቻ እንኳ ብናስይዝ፣ የተማርነው ትምህርት ከፈተና ወረቀት አልፎ ሰው ይጠቅማል። መምህራኖቻችንም ሐሳቡን ቢያግዙን ደስ ይለናል።

ቸር ይግጠመን!