የቅንጡ ኩፕ መነሻ ዋጋና በላዩ ላይ የሚቆለለው

ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 አዲሱን ፎር ሲሪስ ኩፕ ይፋ ሲያደርግ የመኪና ወዳጆች ክርክር በሙሉ በፊቱ ላይ ነበር። ከታች ተነስተው እስከ ኮፈኑ ጫፍ የወጡት ሁለት ረጃጅም ፍርግርጎች አንዱን አስደነቁ፣ ሌላውን አስቆጡ። ዋጋው ግን ያን ያህል አላነጋገረም። በአሜሪካ ገበያ 430አይ የተባለው መነሻ ሞዴል 45,600 ዶላር ተተመነለት። በዚያው ወቅት ባለአራት በር ወንድሙ 330አይ በ41,250 ዶላር ይሸጥ ነበር። የሁለቱም ሞተር ባለ 4 ሲሊንደር ቱርቦ ሲሆን የሁለቱም ጉልበት 255 ፈረስ ነው። ኩፑን የመረጠ ሰው ሁለት በር ቀርቶበት፣ የኋላ ወንበሩ ጠቦበት፣ 4,350 ዶላር ይጨምራል ማለት ነው።

ለቅርጽ መክፈል ነውር የለውም። ኩፕ ድሮም የሚገዛው ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ ለሚንሸራተተው ጣሪያው፣ ለረጅሙ በሩና ለአቋሙ ነው። ገዢው ይህን አውቆ ነው የሚገባበት። ጥያቄው የሚነሳው ከዚያ ቀጥሎ፣ የኦፕሽን ዝርዝሩ ሲዘረጋ ነው።

በመነሻ ዋጋው የሚመጣው 430አይ ወንበሩ በሰው ሠራሽ ቆዳ የተለበጠ ነው። እውነተኛ ቆዳ የፈለገ ይጨምራል። ወንበሩ እንዲሞቅለት፣ ፍጥነቱ ከፊቱ መስታወት ላይ እንዲታየው፣ ቀለሙ እንዲያብረቀርቅ፣ ሾክ አብዞርበሩ እንደ መንገዱ እንዲጠነክርና እንዲላላ፣ ሙዚቃው በሃርማን ካርደን ድምፅ ማጉያ እንዲወጣ የፈለገም እንደዚያው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ በፓኬጅ ታስረው ስለሚሸጡ አንዱን የፈለገ ሰው ያላሰባቸውን ሦስት ነገሮች አብሮ ይገዛል። ገዢው እጁን ሳይሰበስብ ከመረጠ 10 ሺህ ዶላር ማለፍ ቀላል ነው።

አሁን ከፍ ያለውን ሞዴል እንመልከት። ኤም440አይ ኤክስድራይቭ ሲወጣ ዋጋው 58,500 ዶላር ነበር፤ ከመነሻው የሚበልጠው በ12,900 ዶላር ነው። በዚህ ልዩነት ገዢው ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር፣ 382 ፈረስ ጉልበት፣ አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክር ሥርዓት፣ ጠንከር ያለ ፍሬንና የስፖርት ዲፈረንሻል ያገኛል። ቆሞ ተነስቶ በሰዓት 60 ማይል ለመድረስ 430አይ 5.5 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ኤም440አይ 4.3። እንግዲህ በቆዳ፣ በቀለምና በድምፅ ማጉያ 11 ወይም 12 ሺህ ዶላር የጨመረ ሰው የአነስተኛውን ሞተር መኪና በትልቁ ሞተር ዋጋ ገዝቷል። ከኮፈኑ ስር ያለውን ሞተር ደግሞ በኋላ ልቀይረው ቢል አይሆንለትም።

ይህ የአሻሻጥ ዘዴ የጀርመኖች ብቻ አይደለም፤ የትናንትም አይደለም። ፎርድ ሚያዝያ 17 ቀን 1964 ማስታንግን በኒውዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ሲያስመርቅ 2,368 ዶላር የሚል ዋጋ በየጋዜጣው አስነገረ። ያ ዋጋ የሚገዛው ባለ 6 ሲሊንደር ትንሽ ሞተርና ባለ ሦስት ማርሽ ማንዋል ነበር። ቪ8 ሞተር፣ አውቶማቲክ ማርሽ፣ የሚቀል መሪ፣ አየር ማቀዝቀዣ፣ ሬዲዮም ሳይቀር ተጨማሪ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 22 ሺህ ያህል ትዕዛዝ ገባ። ሰው በማስታወቂያው ዋጋ ተስቦ ወደ መሸጫው ይመጣል፣ በኦፕሽን ዝርዝሩ ደግሞ የራሱን መኪና ያበጃል። መንገዱ ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም፤ ዝርዝሩ ግን እጅግ ረዝሟል።

ዝርዝሩን ከሁሉ በላይ ያራቀቀው ፖርሽ ነው። የ911 ገዢ የመቀመጫ ቀበቶውን ቀለም፣ የቆዳውን ስፌት ክር፣ የአየር መውጫውን ክንፍ፣ በራስ መደገፊያው ላይ የሚታተመውን አርማ ሁሉ ለይቶ ማዘዝ ይችላል፤ ለእያንዳንዷ ይከፍላል። ከመደበኛው የቀለም ዝርዝር ውጭ የራሱን ቀለም የመረጠ ከ11 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። ያለ ክፍያ ከሚገኙት ጥቂት ነገሮች አንዱ የሞዴሉን ስም ከመኪናው ጀርባ ማስነሳት ነው።

ለምሳሌ የ2020ውን 911 ካሬራ እንውሰድ። መነሻው 97,400 ዶላር፣ ከፍ ያለው ካሬራ ኤስ ደግሞ 113,300 ዶላር ነበር፤ በመካከላቸው 15,900 ዶላር አለ። ሁለቱም ያው ባለ 3 ሊትር መንታ ቱርቦ ሞተር አላቸው። የኤስ ቱርቦዎች ስለሚተልቁ 443 ፈረስ ጉልበት ያወጣል፣ መነሻው 379። መነሻውን የመረጠ ሰው ወደ 9 ሺህ ዶላር የሚጠጋ የሴራሚክ ፍሬን፣ 3 ሺህ ገደማ የሚያወጣ የስፖርት ማርሚታና ከ2,700 ዶላር በላይ የሆነውን፣ ስፖርት ክሮኖ የተባለውን ፓኬጅ ቢጨምር ልዩነቱን ሊደፍነው ምንም አይቀረው። የውስጥ ቆዳውን ገና አልነካም።

ከሦስቱ ውስጥ የትኛው ዋጋ አለው? የሴራሚክ ፍሬን ሥራው በውድድር ሜዳ፣ በተደጋጋሚ ኃይለኛ አቁሞ መነሳት ላይ ነው። ከቤት ወደ ሥራ ለሚነዳ ሰው መደበኛው ፍሬን ከበቂ በላይ ነው። ስፖርት ክሮኖ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት ዳሽቦርዱ ላይ የምትቀመጥ ሰዓት ብቻ አይደለም። መሪው ላይ የመንዳት ሁኔታ መምረጫ ይሰጣል፣ የሞተሩን መያዣ እንደ አነዳዱ የሚጠነክርና የሚላላ ያደርገዋል፣ በሰዓት 60 ማይል ለመድረስ ከሚፈጅበት 4.0 ሰከንድም 0.2 ይቀንሳል። ገንዘቡ መኪናውን ራሱን ለወጠው ማለት ነው። ጥሩ ኦፕሽን ከመጥፎው የሚለየው በዚህ ነው፤ የመኪናውን አሠራር ይነካል፣ በኋላም በጋራዥ በቀላሉ አይገጠምም። ወንበር፣ ሾክ አብዞርበር፣ የፊት መብራት፣ ዲፈረንሻል ከዚህ ወገን ናቸው። ቸርኬ ግን ከውጭ ሱቅ በቅናሽ ይገኛል። የክር ቀለምን የሚያየው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ፖርሽ ራሱ ይህን ልዩነት የሚያውቅ ይመስላል። በ2023 ሞዴል ያወጣው ካሬራ ቲ የመነሻውን ሞተር እንደያዘ የስፖርት ማርሚታውን፣ ስፖርት ክሮኖን፣ ዝቅ ያለውን ሾክና ባለ 7 ማርሹን ማንዋል በአንድ ላይ ሰብስቦ መጣ። የኋላ ወንበር የለውም፣ መስታወቱም ለክብደት ሲባል ሳስቷል። ዋጋው 116,600 ዶላር ሲሆን የዚያ ዓመት መነሻ ካሬራ 106,100 ነበር። ለነጂ የሚጠቅሙት ነገሮች በ10,500 ዶላር ተጠቃለው ተገኙ። ከመነሻ ሞዴል ተነስቶ መጨመር ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ አሠራር አልታየም።

ኩባንያዎቹ ኦፕሽንን ለምን እንዲህ ይወዱታል? ምክንያቱ ትርፍ ነው። የመኪናው አካል፣ ሞተርና ማርሽ ከፍተኛ ወጪ የጠየቁ ናቸው፣ በመነሻ ዋጋ ላይ ያለው ፉክክርም ከባድ ነው። ለየት ያለ ስፌትና ቀለም ግን በዚያው መስመር ላይ በሚያልፍ መኪና ላይ የሚጨመሩ ናቸው። ፌራሪ በ2023 ከመኪናና ከመለዋወጫ ሽያጭ ካገኘው ገቢ አንድ አምስተኛ የሚጠጋው የመጣው ደንበኞች መኪናቸውን እንደ ፍላጎታቸው ለማሠራት ከከፈሉት ነው። ፖርሽ በዚያው ዓመት ከገቢው 18 በመቶ ሲያተርፍ፣ በአንድ ጥላ ስር ያለው ቮልስዋገን ብራንድ 4.1 በመቶ ነበር ያተረፈው። የልዩነቱ ምንጭ ኦፕሽን ብቻ ነው ባይባልም ድርሻው ትንሽ አይደለም።

አንዳንዱ ሙከራ ግን ልኩን አልፏል። ቢኤምደብሊው አፕል ካርፕሌይ ለመጠቀም በዓመት 80 ዶላር ያስከፍል ነበር፤ ደንበኛው ሲያጉረመርምበት በታህሳስ 2019 ተወው። በሐምሌ 2022 ደግሞ በደቡብ ኮሪያ ገጹ ላይ የወንበር ማሞቂያ በወር 18 ዶላር ገደማ ተለጥፎበት ታየ። ማሞቂያው ወንበሩ ውስጥ ተገጥሞ ነበር የሚመጣው፤ የሚከፈለው ቁልፉን በሶፍትዌር ለመክፈት ነበር። በመስከረም 2023 ኩባንያው ይህንንም ማቆሙን አስታወቀ። መርሴዲስ በበኩሉ በአሜሪካ የኤሌክትሪክ መኪኖቹን ፈጣን አነሳስ በዓመት 1,200 ዶላር ለመሸጥ አቅዶ ነበር። መኪናው የተገጠመለትን ዕቃ ለባለቤቱ ቆልፎ በኪራይ መስጠት ተገቢ አይደለም፤ ገዢዎች መቃወማቸውም ትክክል ነበር።

ሌላ መንገድ የመረጡም አሉ። ሌክሰስ ኤልሲ 500 በ2021 ሞዴል 92,950 ዶላር ሲሸጥ ባለ 5 ሊትር ቪ8 ሞተሩና 471 ፈረስ ጉልበቱ ከመነሻው ጋር የመጡ ነበሩ፤ በላዩ የሚጨመሩት ጥቂት ፓኬጆች ብቻ ነበሩ።  ገዢውም የሚከፍለውን ገና ከበሩ ሲገባ ያውቀዋል። ያሳዝናል፣ የኩፕ ምርጫው ራሱ እየጠበበ ነው፦ ኢንፊኒቲ ኪው60 ከ2022 በኋላ ቀረ፣ ኦዲ አዲሱን ኤ5 ያለ ኩፕ አወጣው፣ መርሴዲስም የሲና የኢ ክላስ ኩፖቹን ሲኤልኢ በሚባል አንድ መኪና ተካቸው።

በኦፕሽን ላይ የሚወጣው ገንዘብ እዚያው አይቆምም። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚያውቁት ነገር ነው፤ ቨርጂኒያ መኪና ሲገዛ 4.15 በመቶ የሽያጭ ግብር ትወስዳለች። 12 ሺህ ዶላር ኦፕሽን የጨመረ ሰው በዚያ ላይ 498 ዶላር ግብር ይከፍላል። ያንኑ 12 ሺህ በ7 በመቶ ወለድ ለ6 ዓመት ከተበደረው በየወሩ 205 ዶላር ያህል ይወጣል፤ ብድሩ ሲያልቅ ወለዱ ብቻ 2,700 ዶላር አልፏል። ሻጩ «በወር ጥቂት ብር ናት» የሚለው ነገር ሲጠራቀም ይህን ያህል ነው።

የሚከፋው ደግሞ መልሶ ሲሸጥ ነው። ያገለገለ መኪና ገበያ ዋጋ የሚሰጠው ለሞዴሉ፣ ለሞተሩ፣ ለዓመቱና ለተነዳው ማይል ነው። ባለቤቱ በሺዎች የከፈለበት ልዩ ስፌት በአብዛኛው አይቆጠርለትም። 911 ዋጋውን ከሚጠብቁት መኪኖች ግንባር ቀደሙ ቢሆንም፣ የሚጠበቀው የመኪናው ዋጋ እንጂ የማስጌጫው አይደለም።

ከዚህ ተነስቶ ፍርድ መስጠት ይቻላል። መነሻው ኩፕ ብዙ ሳይጨመርበት፣ አሠራሩን በሚያሻሽል አንድ ወይም ሁለት ነገር ብቻ ከተወሰደ ዋጋውን ያወጣል። የሚጨመረው ወደ ቀጣዩ ሞዴል ካለው ልዩነት ግማሹን ካለፈ ግን መነሻው ምክንያቱን አጥቷል፤ ቀጣዩን መግዛት ወይም ከዝርዝሩ መቀነስ ይሻላል። ፉል ኦፕሽን የሆነ ኩፕ የሚመኝ ሰው ደግሞ የ3 ዓመት ሊዝ ጨርሶ የተመለሰ መኪና ቢፈልግ ያዋጣዋል። ቆዳውን፣ ድምፅ ማጉያውንና ማሞቂያውን የመጀመሪያው ባለቤት ከፍሎባቸዋል፤ ለሁለተኛው የሚደርሱት በጥቂቱ ነው።

በአሜሪካ ለሚገዛ ሰው የሚረዳ ሕግም አለ። በኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ አነሳሽነት በ1958 የወጣው ሕግ እያንዳንዱ አዲስ መኪና መስኮቱ ላይ ወረቀት እንዲለጠፍበት ያስገድዳል፤ በወረቀቱ ላይ መነሻ ዋጋው፣ እያንዳንዱ ኦፕሽን ከነዋጋው፣ የማጓጓዣውም ክፍያ ተለይተው ይጻፋሉ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብቡት፤ ከቀጣዩ ሞዴል ወረቀት ጋር ጎን ለጎን አስተያዩት። ያገለገለ ከሆነ ሻጩን የዚያኑ ወረቀት ቅጂ ጠይቁ፤ ከሌለውም በሻንሲ ቁጥሩ ከፋብሪካ ምን ተገጥሞለት እንደወጣ አጣሩ። ዝርዝሩን ሳያሳይ ስለ ወርሃዊ ክፍያ ብቻ ከሚያወራ ሻጭ ጋር ግን አትፈርሙ።