የወረርሽኝ ትኩሳትና የአእምሮ መታወክ በቶጎጫሌ በኩል ሲታይ

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን በመታ ጊዜ በከተማይቱ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል። ከትኩሳቱ ተርፈው አእምሯቸው ስለ ታወከባቸው ሰዎች ግን የምናነበው በይበልጥ ከውጭ አገር ጽሑፍ ነው። ካርል ሜኒንገር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1919 እ.ኤ.አ. በቦስተን ከኢንፍሉዌንዛ ጋር አእምሯቸው የታወከ 100 ሕሙማንን መርምሮ ጻፈ። የማይድን ዕብደት ይዟቸዋል ተብለው ከነበሩትና በኋላ ተከታትሎ ካገኛቸው መካከልም አብዛኞቹ መዳናቸውን አስታወቀ። ይህ ለእኛ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ተስፋ የተቆረጠበት ሰው ይታሰራልና።

ኮሮና በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ ነገሩ እንደገና ተነሣ። የ236,379 ሕሙማንን መዝገብ የተመለከተና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፥ በሽታው ከያዛቸው በስድስት ወር ውስጥ ሳይኮሲስ የተመዘገበባቸው፥ ቀድሞ የነበረባቸው ጭምር፥ 1.4 ከመቶ መሆናቸውን ያሳያል። ጭንቀት ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ትኩሳት፥ የኦክስጅን ማነስና ሰውነት በሽታውን ሲዋጋ የሚያስነሣው ብግነት አንጎልን ያውካሉ። ሕይወት የሚያድነው ዴክሳሜታዞን እንኳ አንዳንዱን ሰው ያስለፈልፋል። በዚህ ላይ እንቅልፍ ማጣትና ከዘመድ መለየት ይጨመራል።

አሁን ወደ ቶጎጫሌ እንምጣ። ከጅግጅጋ ወደ ሐርጌሳ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍባት ይህች የድንበር ከተማ የጫት መተላለፊያም ናት። ቅጠሉ ትኩስ ሳለ መድረስ ስላለበት መኪናው እንዴት እንደሚበር ያየ ያውቀዋል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እንቅልፍ ይነሣል፤ ሲበዛም ጥርጣሬንና የሌለ ድምፅ መስማትን ሊያመጣ ይችላል። በ2005 እ.ኤ.አ. ስለ ሐርጌሳ የታተመ ጥናት፥ ሳይኮሲስ ያለባቸው ወንዶች ከጤነኞቹ ቀድመው የጀመሩና አብዝተው የቃሙ ሆነው እንደ ተገኙ ይገልጻል። ቃሚው በድንገት ሲያቋርጥ ደግሞ ድብርትና ዱካክ ይመጣበታል።

እንግዲህ በወረርሽኝ ጊዜ ከድንበር ማዶ የመጣ አንድ ሹፌር በማቆያ ሳለ ቢለፈልፍ ምን እንላለን? ጓደኞቹ ጫት ነው ይላሉ፤ እናቱ ጂኒ ነው ትላለች፤ ጋዜጣ ያነበበው ኮሮና ነው ይላል። በእኛ አስተያየት ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ቀላል ነገር ነው፤ ዛሬ ምን ቀን ነው? ያለኸው የት ነው? መልሱ የተምታታ፥ ሁኔታውም ጧት ደኅና ማታ የባሰ ከሆነ፥ ይህ አስቸኳይ የሆነ የትኩሳት ቅዠት እንጂ ዕብደት ላይሆን ይችላል። ትኩሳቱና በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ወዲያው ይለካ። ቦታውንና ቀኑን አጥርቶ እያወቀ፥ ሰዎች ሊገድሉኝ ተማክረዋል ብሎ ለሳምንታት የሚጸና ከሆነ ግን ወደ ሳይኮሲስ ያደላል፤ መድኃኒትም አለው።

ሼኩ ቁርኣን ቢቀሩለት ሕክምናውን አይከለክልም። የሚያስፈራን ሰንሰለቱ ነው፤ ኦክስጅን ያነሰውን ሰው እንደ ዕብድ አስረው ሲያሳድሩት ጅግጅጋ ካለው ሐኪም ቤት የሚያደርሰው መኪና በደጁ ያልፋልና።